በደጃችን የበቀለው የተባይ መከላከያ ይፈተን

በደሎ መናና በዙሪያዋ ጎመንና ቲማቲም የሚተክል ሰው ስለ ተባይ ያለው አስተያየት ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን «ከሱቅ የተገዛ መድኃኒት ካልተረጨ በቀር ጎመን ለወጥ፣ ቲማቲምም ለገበያ አይደርስም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቀድሞ እናቶቻችን አመድ እየነሰነሱና መራራ ቅጠል እየዘፈዘፉ አትክልታቸውን ያሳድጉ ስለ ነበር ዛሬም ቅጠሉ ይበቃናል» ሲል ይከራከራል። በገበያ ቀንም ሆነ በየቤቱ ቡና ሲጠጣ ይህ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ከሁለቱ ወገኖች አንዱም «ቈጥሬ አየሁት፤ መዝኜ አረጋገጥሁት» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ከዕፀዋት የሚወጣው ጭማቂ አትክልታችንን ከተባይ እንዲከላከልልን ሊሞከር ይገባዋል፤ ሙከራውም በመቍጠርና በመመዘን መሆን አለበት፤ ለዚህም ሥራ ከሁሉ የተሻለው ስፍራ የትምህርት ቤታችን የአትክልት ቦታ ነው። ምክንያቴን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የምንኖርበትን አገር እናስብ። ከጎባ ተነሥቶ ወደ እኛ የሚመጣ መንገደኛ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰነቴን አምባ አቋርጦ፣ የሐረናንም ጫካ ሰንጥቆ ሲወርድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ይቀበለዋል። ደሎ መና የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ በ1,300 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ማንጎንና ፓፓያን፣ ሙዝንም እንደሚያበቅልልን ሁሉ ለተባይም ይስማማዋል። በደጋው በሮቤና በጎባ ብርዱ የተባዩን መራባት ያዘገየዋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሙቀቱ ስለሚያፋጥነው ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነፍሳት የሚደርሰው በጥቂት ሳምንታት ነው። ስለዚህ ደገኛው ከሚቸገረው ይልቅ ቆለኛው በተባይ ቢቸገር አያስደንቅም።

ከዚህም ሌላ ከበላያችን ያለው የሐረና ጫካ የቡናና የማር አገር ነው። በየዛፉ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ናቸው። ንብ የጫካና የጓሮ ድንበር አታውቅም፤ ጧት በቡና አበባ ላይ የነበረችው ረፋድ ላይ በዱባ አበባ ላይ ትገኛለች። የያዶት ወንዝም ከተራራው ወርዶ በአጠገባችን ሲያልፍ አንዱ መስኖ ይጠልፍበታል፤ ሁለተኛው ከብት ያጠጣበታል፤ ሦስተኛው ልብስ ያጥብበታል። እንግዲህ ሰው በገዛ መደቡ ላይ የሚረጨው ነገር በዚያችው መደብ ተወስኖ የማይቀር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ጊዜ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ደስታችንም ከተራራው በታች ያለውን ንብና ውሃ ከመጠበቅ ጋር ካልተያያዘ ጎደሎ ይሆናል።

እናቴ ከቤታችን በስተጀርባ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትተክላለች። የትምህርት ቤት ልብሴና ደብተሬ የሚገዛው ከዚያ ከሚገኘው ገንዘብ ስለ ሆነ ተባይ ለእኛ ቤት የወሬ ነገር አይደለም። የጎመኑን ቅጠል አረንጓዴ ትል ከሥር እየበላ እንደ ወንፊት ይበሳዋል፤ ክሽክሽ የሚባለው አመድማ ተባይም በቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ተሰብስቦ ይመጠዋል። ቲማቲሙን ደግሞ ጓይ ትል ፍሬውን ይሸረሽረዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በዱባውና በቲማቲሙ ላይ አበባ በፈነዳበት ሰዓት ረፋድ ላይ መድኃኒት ረጨ። በማግስቱ በቅርብ ያሉት የአያቴ ሁለት ቀፎዎች በር ላይ ንቦቹ ረግፈው ተገኙ። ሰውዬው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለ ነበር በአበባ ጊዜ እንዳይረጭ የሚከለክለው ምልክት ይኑርበት አይኑርበት ሊያውቅ አልቻለም። አያቴም «ልጄ፣ ጎመን ለማዳን ማር ከጠፋ ምኑን አተረፍነው?» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእርሱ ጥያቄ ነው።

አሁን ደግሞ ሰፋ አድርገን እንመልከት። ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው መድኃኒት ነፍሳትን የሚገድል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1939 ያገኘው ስዊሳዊው ፓውል ሙለር ሲሆን በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። መድኃኒቱ ወባን በማጥፋት ብዙ ሕይወት አድኗልና ሽልማቱ አይበዛበትም። ይሁን እንጂ ሬቸል ካርሰን የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ይኸው መድኃኒት በአፈርና በውሃ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይጠፋ እንደሚቆይ፣ ከትል ወደ ወፍ፣ ከዓሣም ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አስረዳች። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ውል ዲ.ዲ.ቲ. በእርሻ ላይ እንዳይውል መንግሥታት ተስማሙ።

ተባዮቹም ዝም ብለው አልሞቱም። ጎመናችንን የሚበላው ትንሽ አረንጓዴ ትል የአንዲት ትንሽ የእሳት ራት ልጅ ነው። ይህ ተባይ በዓለም ላይ ካሉት የሰብል ተባዮች ቀድሞ ዲ.ዲ.ቲ.ን የተቋቋመ ነው፤ ነገሩ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጃቫ ደሴት ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡትን መድኃኒቶች አንዱን ከሌላው በኋላ ለመቋቋም ችሏል። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ከሺሕ ትሎች መካከል መድኃኒቱን የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ቢተርፉ የሚዋለዱት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ የሚወልዱትም እንደ እነርሱ መርዙን የሚችሉትን ነው። ገበሬው ይህን ባለማወቅ «መድኃኒቱ ደከመ» ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የነበረውንም ሁለት ጊዜ ያደርጋል። ወጪው ይበዛል፤ ትሉ ግን ይበረታል።

በአገራችንም የሚታይ ማስረጃ አለ። ባለፉት ዘመናት ወደ ኢትዮጵያ የገቡና ሳይሠራባቸው በየመጋዘኑ ያረጁ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ከመብዛታቸው የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት ከአንድ ሺሕ ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ እንዲወገድ ወደ ውጭ አገር ተልኳል። መግዣው ገንዘብ ነበረ፤ ማስወገጃውም ገንዘብ ሆነ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674ም እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል። አዋጅ ግን በየጓሮው ቆሞ መርጫውን አይዝም፤ የሚይዘው የእኛው ወላጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ዕፀዋቱ እንመለስ። ተክል እንደ እንስሳ ሮጦ ከጠላቱ ሊያመልጥ አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ዕፀዋት በቅጠላቸው፣ በፍሬያቸው ወይም በሥራቸው ውስጥ የሚመር፣ የሚሸት ወይም የሚመርዝ ነገር አዘጋጅተው ጠላታቸውን ያርቃሉ። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው፣ ነጭ ሽንኩርትም ሲፈጭ የሚሸተው ለወጣችን ብሎ አይደለም፤ ራሱን ለመጠበቅ ነው። እኛ የምናደርገው ይህን የተክሉን ጋሻ ወስደን ጋሻ ለሌለው ለጎመኑ ማልበስ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የተመረመረው የኒም ዛፍ ነው። ዛፉ የመጣው ከህንድ አገር ወገን ሲሆን ሙቀት ስለሚወድ በአገራችንም በድሬዳዋ፣ በጋምቤላና በአፋር ቆላ ተተክሎ ለምልሟል። ሐይንሪኽ ሽሙተረር የተባለው ጀርመናዊ የነፍሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 በሱዳን ሳለ የአንበጣ መንጋ መጥቶ በዙሪያው ያለውን ለምለም ሁሉ ሲያራቁተው የኒም ዛፎች ግን ሳይነኩ መቅረታቸውን ተመለከተ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ተደንቆ ያልፍ ነበር፤ እርሱ ግን «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ከፍሬው ውስጥ አዛዲራክቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ይህም ንጥረ ነገር እጅግ የተወሳሰበ በመሆኑ የካምብሪጅ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ሠርተው ለመጨረስ 22 ዓመት ፈጅቶባቸው በ2007 አጠናቀቁት። ዛፉ ግን ያለ ቤተ ሙከራ በየዓመቱ ያፈራዋል።

የኒም አሠራር ከሱቅ መድኃኒት የተለየ ስለ ሆነ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ትሉ የተረጨውን ቅጠል ሲቀምስ መብላቱን ይተዋል፤ ጥቂት የበላም እንደ ሆነ ለማደግ ቆዳውን የሚገፍበት ሥርዐት ስለሚዛባበት ሳያድግ ይሞታል። ስለዚህ በረጩበት ሰዓት የሞተ ትል አይታይም። ማታ የረጨ ሰው ጧት ሄዶ ትሉ ቁጭ ብሎ ሲያየው «ቅጠልማ ምን ይሠራል!» ብሎ ይተወዋል። መታየት ያለበት ትሉ መኖሩ ሳይሆን መብላቱ ነው፤ አዲስ የተበሳ ቅጠል ከሌለ ጭማቂው ሥራውን እየሠራ ነው። ቅጠል ለማትበላው ለንብ ደግሞ ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

አዘገጃጀቱም በማንኛችንም ቤት የሚቻል ነው። የደረቀው የኒም ፍሬ ተፈልፍሎ የውስጡ ፍሬ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚህ 50 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግስቱ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ በቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ጥቂት ሳሙና ይጨመርበታል። የሚረጨው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ምክንያቱም የፀሐይ ብርሃን ኀይሉን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጠፋዋል፤ ንቦችም በዚያ ሰዓት ወደ ቀፏቸው ገብተዋል። ትሉ የሚቀመጠው ከቅጠሉ ሥር ስለ ሆነ መርጫው ከታች ወደ ላይ መዞር አለበት። ዝናብም ስለሚያጥበው በየሳምንቱ ገደማ መድገም ያስፈልጋል። ቅጠሉም ያገለግላል፤ ነገር ግን እንደ ፍሬው ኀይለኛ አይደለም።

ኒም እስኪገኝ ድረስ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በየቤታችን አሉ። ሁለቱ ተወቅጠው፣ ተዘፍዝፈው፣ ተጠልለው ሲረጩ ሽታቸውና ማቃጠላቸው አንዳንዱን ተባይ ያርቀዋል። ሳሙናም ብቻውን ክሽክሽን የመሰሉትን ለስላሳ ነፍሳት ይገድላል፤ ከበዛ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የሚጥሚጣውን ውሃ የሚረጭ ሰው ዐይኑን ይሸፍን፤ ነፋስም ወደ ፊቱ በሚነፍስበት ጊዜ አይርጭ።

እዚህ ላይ «ከቅጠል የመጣ ነገር ሁሉ አይጎዳም» የሚለውን የሁለተኛውን ወገን አስተያየት መቃወም ግዴታዬ ነው። ከትንባሆ የሚወጣው ኒኮቲን ክሽክሽን ይገድላል፤ ነገር ግን በሰው ቆዳ ውስጥ አልፎ ሰውንም የሚመርዝ ኀይለኛ መርዝ ነው። በተጨማሪም በትንባሆው ቅጠል ላይ የሚኖረው የትንባሆ ቫይረስ ወደ ቲማቲምና ቃሪያ ተላልፎ ተክሉን ሊያሳምመው ይችላል፤ ተባዩን ለማባረር ሲሉ በሽታ መትከል ማለት ይህ ነው። ብርብራም የአገራችን የብቻዋ ዛፍ ናት፤ ፍሬዋ ተወቅጦ ዓሣ ለማጥመድ ያገለግል እንደ ነበር ብዙ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። በውስጧ ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ ነፍሳትንም ዓሣንም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናትም ሮቴኖንን በሥራ የተጠቀሙ ሰዎች የሚያንቀጠቅጠውን የፓርኪንሰን በሽታ ለመያዝ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው መገኘታቸውን አመልክቷል። እንዲሁም በኬንያ ደጋ ለብዙ ዘመን ሲመረት የኖረው ፓይረትረም የተባለው ነጭ አበባ ነፍሳትን ወዲያው ይጥላል፤ ንብንና ዓሣን ግን ከጠላት ለይቶ አይምርም። እንግዲህ የብርብራ ውሃ የነካውን ባልዲ በያዶት ውስጥ ማጠብ የሱቁን ጠርሙስ ከማጠብ ብዙ አይሻልም። ለሙከራችን የምንመርጠው ተክል የምናውቀውና ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው መሆን አለበት፤ ትንባሆና ብርብራ ከተማሪ እጅ ይራቁ።

ታዲያ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው፣ እውነተኛውንም ከወሬው የምንለየው እንዴት ነው? ለዚህ ከውጭ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። እንዶድ በኦሮምኛ ሃንዶዴ የሚባለው ነው፤ አያቶቻችን ሁሉ ልብስ አጥበውበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዙ ሆነው አገኙ። ቢልሃርዝያ ወደ ሰው የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ዶክተሩ ያዩትን አይተው ዝም አላሉም፤ የእንዶዱን መጠን እየለኩ፣ የሞቱትንና የተረፉትን ቀንድ አውጣዎች እየቈጠሩ የተክሉን ኀይል በማስረጃ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ትክክለኛ ኑሮ በሚል ስም የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያንን ወንዝ ከእርሳቸው በፊት ስንት ሺሕ ሰው ተሻግሮት ይሆን? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው ሆኖ እንጂ እንዶዱም ቀንድ አውጣውም ሁልጊዜ እዚያው ነበሩ።

የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «በዚህ በሠለጠነ ዘመን ወደ ቅጠል መመለስ ወደ ኋላ መሄድ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። እኔም የምመልስላቸው፣ ዛሬ በሠለጠነው ዓለም በሱቅ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከዕፀዋት የተቀዱ ናቸው ብዬ ነው። ፓይረትሮይድ የሚባሉት የፓይረትረምን አበባ፣ ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉትም የትንባሆን ኒኮቲን አብነት አድርገው የተሠሩ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረትም ከእነዚህ ከኋለኞቹ ሦስቱ ንቦችን ስለሚጎዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከቤት ውጭ በሜዳ እንዳይረጩ ከልክሏል። ስለዚህ ንብን ማሰብ የኋላ ቀርነት ምልክት ሊሆን አይችልም።

ወላጆቻችን ደግሞ «ልጆች፣ እኛ ጊዜ የለንም፤ ቡቃያው በሁለት ቀን ያልቃል» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከፊተኛው የበረታ ነውና በአክብሮት ልመልስለት ይገባል። የዕፀዋት ጭማቂ ቶሎ የሚደርስ አይደለም፤ ድካምም አለው፤ መውቀጥ፣ መዘፍዘፍ፣ ማጥለልና መድገም ይፈልጋል። ይህም ድካም ብዙውን ጊዜ በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 አገራችንን እንደ ወረረው ያለ የበረሃ አንበጣ ሲመጣም በባልዲ የተዘፈዘፈ ቅጠል አያስመልሰውም። እንዲሁም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ2006 ስፔንን፣ በ2012 ኢትዮጵያን የረገጠው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ተሸሽጎ ስለሚበላ በላይ የሚረጭ ነገር ሁሉ እርሱን ማግኘት ያስቸግረዋል። ጭማቂው የሚጠቅመው ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ፣ በትንሽ ጓሮ፣ በትጋት ለሚሠራ ሰው ነው። የእናቴ ጓሮ ግን ትንሽ ነው፤ የአብዛኞቻችንም ወላጆች ጓሮ እንዲሁ ነው። ይጥቀም አይጥቀም የሚለውን ደግሞ ድካሙ ጭምር ተቈጥሮ በማስረጃ ማወቅ ይሻላል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በአትክልት ቦታችን እኩል ስፋት ያላቸው 12 መደቦች ይዘጋጁ፤ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የጥቅል ጎመን ችግኝ በአንድ ቀን ይተከል፤ ውሃውም እኩል ይሁን። ሦስቱ መደቦች ንጹሕ ውሃ ብቻ ይረጩ፤ ሦስቱ ሳሙና ያለበት ውሃ፤ ሦስቱ የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ጭማቂ ከሳሙና ጋር፤ ሦስቱ ደግሞ የኒም ፍሬ ጭማቂ ከሳሙና ጋር ይረጩ። ሳሙና ብቻውን የሚረጭበት መደብ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ ሳሙናው ራሱ ተባይ ስለሚገድል የሳሙናውን ሥራ ለኒሙ እንዳንሰጠው ነው። የትኛው መደብ የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ይለይ፤ አለበለዚያ ሳናውቀው ለምናምንበት ጭማቂ ለም የሆነውን መደብ እናዳላለታለን።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዐርብ ከእያንዳንዱ መደብ ዐሥር ጎመን ተመርጦ ትሉና ክሽክሹ ይቈጠር፤ የተበሳው ቅጠልም ይቈጠር። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ክሽክሽን የምትበላ ወዳጃችን ናትና እርሷም ትቈጠር። ጎመኑ ሲደርስ ይመዘን። ለመርጫው የወጣው ገንዘብና ለመውቀጥና ለማጥለል የፈጀው ሰዓት ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። ይህ ሥራ የባዮሎጂን፣ የኬሚስትሪንና የሒሳብን ትምህርት በአንድ መደብ ላይ ያገናኛል። በሒሳብ ክፍል አማካይ ቍጥር ምን ይጠቅማል እያልን የምንጠይቅ ሁሉ መልሱን እዚያ እናገኘዋለን።

የኒም ፍሬ ለመጀመሪያው ዓመት ከሚገኝበት ቆላ አገር ማስመጣት ይቻላል። ለወደፊቱ ግን በትምህርት ቤታችን አጥር ዙሪያ ከበልጉ ዝናብ ጋር ጥቂት የኒም ችግኝ ብንተክል መልካም ነው፤ ከፍታችንና ሙቀታችን ለዛፉ ይስማማዋልና። ለማፍራት ጥቂት ዓመታት ስለሚፈልግ የምንተክለው እኛ ብንሆን የሚጠቀሙት ታናናሾቻችን ናቸው። ፍሬው ሲገኝም በቶሎ መድረቅና ከሻጋታ መጠበቅ አለበት። በሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ በሲናናም የእርሻ ምርምር ማዕከል ስላሉን መምህሮቻችን ስለ ሙከራችን ደብዳቤ ጽፈው ምክር ቢጠይቁልን አያፍሩብንም ብዬ አምናለሁ።

ምናልባት ቍጥሩ ከተሰበሰበ በኋላ የነጭ ሽንኩርቱ ጭማቂ ከንጹሕ ውሃ የማይሻል ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ይህም ቢሆን ትርፍ ነው፤ እናቶቻችን ከንቱ ድካም ይቀርላቸዋል፤ ነጭ ሽንኩርቱም ለወጥ ይተርፋል። ምናልባት ደግሞ ኒሙ ጎመኑን ያድነው ይሆናል፤ ያን ጊዜ እናቴ መርጫዋን ስትይዝ ስለ ጎረቤት ቀፎና ስለ ያዶት ውሃ እንደ ዛሬው አትሰጋም። በሁለቱም መንገድ የምናገኘው እውቀት የራሳችን ይሆናል።

ለመምህሮቻችን የማቀርበው ልመና 12ቱን መደቦች እንዲፈቅዱልን ነው። ለወላጆቻችን የማቀርበው ልመና በልጅነታቸው ያዩትን የተባይ መከላከያ ሁሉ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ እንዲነግሩን ነው፤ ሽማግሌ የሚያውቀው ቅጠል ካልተጻፈ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራልና። ለእናንተ ለክፍል ጓደኞቼ ደግሞ ዐርብ ዐርብ ከትምህርት በኋላ ወገባችንን አጎንብሰን ትል ለመቍጠር እንድንስማማ እለምናችኋለሁ። ሥራው አይከብድም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። በሚመጣው ዓመት ይህ መጽሔት ሲታተም በዚህ ገጽ ላይ ከእኔ አስተያየት ይልቅ የመደቦቹ ቍጥር ቢወጣበት ደስታዬ ታላቅ ነው።